ይድነቃቸው ተሰማ፦ ከአሰልጣኝነት እስከ አህጉራዊ መሪነት በአንድ መርህ የጸኑ የስፖርት ሰው

በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አቅራቢያ በምትገኘው ባሕር ዳር ከተማ፣ መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ቡድኖች ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተገናኝተው ነበር። ጨዋታው በእንግዳው ቡድን 3 ለ 1 አሸናፊነት ተጠናቋል። ያ ወር አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የተወለዱበት መቶኛ ዓመት የተሞላበት ነበር። በባሕር ዳር ስታዲየም ጥቁርና ነጭ ሳይለይ አገሩን ወክሎ የተሰለፈው የደቡብ አፍሪካ ቡድን እንዲህ ሆኖ ወደ ሜዳ እንዲገባ፣ እኚህ ሰው ከጎልማሳነታቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ታግለዋል።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም በጅማ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥም ችሎታቸውና ወደ ጀርመን አገር ተጉዘው ድምፃቸውን በሸክላ በማስቀረጽ ፈር ቀዳጅ በመሆናቸው የሚታወቁ ናቸው። ይድነቃቸው አዲስ አበባ በሚገኘው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የተማሩ ሲሆን፣ ከእግር ኳስ ጋር የተዋወቁትም በዚሁ የተማሪነት ዘመናቸው ነበር።

የቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ክለብ በ1928 ዓ.ም ሲመሠረት አገሪቱ በፋሽስት ጣሊያን ወረራ ሥር ልትወድቅ ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተዋት ነበር። ወጣቱ ይድነቃቸው ክለቡን ተቀላቅለው መጫወት የጀመሩት በዚያ አስቸጋሪ ወቅት ነው። ወራሪው ኃይል የዘር ልዩነትን በሕግ ደንግጎ በሁሉም የኑሮ መስክ ተግባራዊ ሲያደርግ፣ የእግር ኳስ ሜዳም ከዚህ አላመለጠም። ኢትዮጵያውያንና ነጮች እርስ በርስ እንዳይጋጠሙ ተከለከለ። ይድነቃቸው የዘር መድልዎን ምንነት በመጽሐፍ ከመማራቸው በፊት በገዛ አገራቸው፣ በሚወዱት ሜዳ ላይ እንዳዩት ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከድል በኋላ በአዲስ አበባ የተጀመረው ውድድር የተለየ መልክ ነበረው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከአርመን፣ ከግሪክና ከጣሊያን ማኅበረሰቦች ቡድኖች እንዲሁም ከእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ጋር በእኩልነት ይጋጠም ጀመር። በ1935 ዓ.ም የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲቋቋም ከግንባር ቀደም አስተባባሪዎች አንዱ ይድነቃቸው ነበሩ። ቀን የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፣ ከሰዓት በኋላ ተጫዋች ሆነው ሁለቱን ኃላፊነቶች ለዓመታት ጎን ለጎን ተወጥተዋል። ለክለባቸው ከሃያ ዓመታት በላይ የተጫወቱ ሲሆን፣ በ365 ጨዋታዎች 318 ግቦችን እንዳስቆጠሩ ተመዝግቧል። ኢትዮጵያ በ1940 ዓ.ም የመጀመሪያዋን ኢንተርናሽናል ጨዋታ ካደረገች በኋላም በብሔራዊ ቡድኑ ውስጥ አገራቸውን ወክለዋል።

ለአቶ ይድነቃቸው የሕይወት መስመር ወሳኝ የሆነው ጉባኤ በ1949 ዓ.ም የካቲት ወር መጀመሪያ በካርቱም ተካሄደ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን የመሠረቱት አራት አገሮች ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። በዚያው ሰሞን ለሚካሄደው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ነጮች ብቻ ያሉበትን ወይም ጥቁሮች ብቻ ያሉበትን ቡድን እንጂ የተቀላቀለ ቡድን እንደማትልክ አስታወቀች። ኢትዮጵያን የወከሉት ይድነቃቸውና የሌሎቹ አገሮች ልዑካን ይህን አልተቀበሉም። አዲስ የተወለደ ድርጅት ከአባላቱ ሩቡን ማጣት ቀላል ነገር አልነበረም። ውድድሩም በሦስት ቡድኖች ብቻ እንዲካሄድ ተገዷል። ሆኖም ኮንፌዴሬሽኑ ገና ከመነሻው የቆመለትን መርህ ያሳወቀው በዚህ ውሳኔ ነው። ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ልታደርገው የነበረው ጨዋታ በመቅረቱ በቀጥታ ለፍጻሜ ደርሳ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸንፋለች።

ከአምስት ዓመት በኋላ ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲዘጋጅ አቶ ይድነቃቸው በአሰልጣኝነት ቡድኑን መሩ። ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም ሁለቱንም ያለፉ ዋንጫዎች ከወሰደችው ከግብፅ ጋር ለፍጻሜ ቀረበች። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ኢትዮጵያም ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ባስቆጠሯቸው ግቦች ጨዋታው 4 ለ 2 በሆነ ውጤት በኢትዮጵያ አሸናፊነት ተፈጸመ። ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሳችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለው የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ በአስመራ ከጣሊያናዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ነበር። ካርቱም ላይ የቀለም ልዩነት ከሚደረግበት ቡድን ጋር ላለመጋጠም የተወሰነው ውሳኔ፣ አዲስ አበባ ላይ በሜዳው ውስጥ ትርጉሙን አገኘ። አሰልጣኙ ሌላውን የሚጠይቁበትን መመዘኛ በራሳቸው ቡድን ሠርተውበት አሳይተዋል።

ከዚህ በኋላ የአቶ ይድነቃቸው ሥራ ከሜዳ ወደ ጉባኤ አዳራሽ አዘነበለ። በወቅቱ አፍሪካ ለዓለም ዋንጫ የራሷ የሆነ ቀጥተኛ ቦታ ስላልነበራት፣ የአህጉሩ አሸናፊ ከሌላ አህጉር ቡድን ጋር ተጨማሪ ማጣሪያ እንዲያደርግ ይገደድ ነበር። የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ የ1966ቱን የዓለም ዋንጫ በአንድነት ሳይሳተፉበት ቀሩ። ውጤቱም እ.ኤ.አ በ1970 ለአፍሪካ አንድ ቀጥተኛ ቦታ መሰጠቱ ነበር። አቶ ይድነቃቸው እ.ኤ.አ በ1971 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል፣ በ1972 ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኑ። በእርሳቸው የፕሬዚዳንትነት ዘመን የአፍሪካ ድርሻ እ.ኤ.አ በ1982 ወደ ሁለት ከፍ ብሏል። ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ለአህጉሩ የተመደበው ቀጥተኛ ቦታ ዘጠኝ ነው።

በፊፋ ውስጥ ግን ከባዱ ትግል የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ነበር። ፊፋ የአፓርታይዱን ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ በ1961 አግዶ በ1963 እገዳውን አነሳ፤ በ1964 እንደገና አገደ። ለአፍሪካውያኑ ግን እገዳ በቂ አልነበረም፤ የሚፈለገው ከአባልነት መሰረዝ ነበር። በወቅቱ የፊፋ ፕሬዚዳንት የነበሩት እንግሊዛዊው ስታንሊ ራውስ ስፖርትንና ፖለቲካን ለያይቶ ማየት ይገባል በሚል አቋም ለደቡብ አፍሪካ ያዘነበሉ ነበሩ። እ.ኤ.አ በ1974 በተካሄደው ምርጫ የአፍሪካ አገሮች ድምፅ ለብራዚላዊው ዦአዎ ሀቬላንዥ መሰጠቱ ሚዛኑን ለወጠው። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የሶዌቶ ተማሪዎች በጥይት ከተመቱ አንድ ወር ያህል እንዳለፈ፣ በሞንትሪያል የተሰበሰበው የፊፋ ጉባኤ ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት ሰረዘ። ካርቱም ላይ የተያዘው አቋም በዓለም ደረጃ እስኪጸድቅ 19 ዓመታት ፈጅቷል።

የአቶ ይድነቃቸው ዘመን ውሳኔዎች ሁሉ ግን ዘላቂ ሆነዋል ማለት አይደለም። የአፍሪካ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለስ ያሳስባቸው ነበር። በአፍሪካ ዋንጫ አንድ ቡድን ከውጭ አገር ክለቦች ከሁለት በላይ ተጫዋቾችን እንዳያሰልፍ የሚከለክለው ደንብ ከዚህ ስጋት የመነጨ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ1982 ተነሥቷል። የሴቶች እግር ኳስም ቢሆን በእርሳቸው ዘመን አህጉራዊ ውድድር አልነበረውም፤ የመጀመሪያው የአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮና የተካሄደው እ.ኤ.አ በ1991 ነው። የኢትዮጵያ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን በ1997 ዓ.ም መስከረም ወር በዚሁ ሻምፒዮና አራተኛ ደረጃን ያገኘው በደቡብ አፍሪካ ምድር ነበር።

አቶ ይድነቃቸው የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት እንደሆኑ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም በአዲስ አበባ በ65 ዓመታቸው አረፉ። የኔልሰን ማንዴላን ከእስር መፈታት አላዩም። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ በ1992 ወደ እግር ኳሱ ማኅበር ተመልሳ፣ ከአራት ዓመት በኋላ በአገሯ ባዘጋጀችው ውድድር የአፍሪካን ዋንጫ ማንሳቷንም እንደዚሁ አላዩም።

የባሕር ዳሩ ጨዋታ ካለቀ አንድ ወር ያህል በኋላ ሌላ ነገር ተከተለ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የባሕር ዳር ስታዲየም የሚጠበቅበትን ደረጃ አላሟላም በማለቱ፣ ኢትዮጵያ ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም ከጋና ጋር የነበራትን የሜዳዋን ጨዋታ ያደረገችው በጆሃንስበርግ ነበር። ቀደም ሲል አይቮሪኮስትን በኅዳር 2012 ዓ.ም 2 ለ 1 ያሸነፈችበት፣ ማዳጋስካርን በመጋቢት 2013 ዓ.ም 4 ለ 0 የረታችበት ሜዳ ተዘግቶባት፣ ኢትዮጵያ መሥራች አባል በሆነችበት ድርጅት ውሳኔ ከቤቷ ወጣች። በእንግድነት የተቀበለቻትም ያው ድርጅት ቀድሞ ከአባልነት ያስወጣት ደቡብ አፍሪካ ነበረች።

በጣና ዳርቻ ለሚገኘው የስፖርት አፍቃሪ ይህ የሚያስቆጭ ነበር። ይሁንና ኮንፌዴሬሽኑ መሥራችነትን ከደንብ በላይ አለማድረጉ አቶ ይድነቃቸው ከካርቱም ጀምሮ ከቆሙለት አሠራር ጋር የሚስማማ ነው። እርሳቸው ደቡብ አፍሪካ መሥራች ብትሆንም ከመርሁ ነጻ ልትሆን አይገባም ብለው ነበር የተነሡት። በዚያው መመዘኛ መሠረት ለኢትዮጵያም የሚቀረው መንገድ ሜዳዋን ለደረጃው ማብቃት ነው።