ማይክል ፋራዳይ፦ ከመጽሐፍ ጠራዡ ሱቅ እስከ ብረቱ ቀለበት

በኩዌት ደቡባዊ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው ማንጋፍ የበጋው ሙቀት ወደ 50 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲጠጋ የየቤቱ አየር ማቀዝቀዣ ሌት ተቀን ይሠራል። በሰፈሩ መካከል ባለ ትራንስፎርመር አጠገብ የሚያልፍ ሰው የማያቋርጥ እምምታ ይሰማል። በአዲስ አበባ ምሰሶ ላይ ከተሰቀለው ትራንስፎርመር የሚሰማውም ይኸው ድምፅ ነው። ከዚህ ድምፅ በስተጀርባ ያለውን የተፈጥሮ ሕግ ካገኙት ሰዎች ቀዳሚው መደበኛ ትምህርት ያልገፋው እንግሊዛዊ ማይክል ፋራዳይ ነው።

ፋራዳይ እ.አ.አ ሴፕቴምበር 22 ቀን 1791 ከብረት ቀጥቃጭ አባት ተወለደ። በአገራችን ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ እስኪከለክሉ ድረስ ቀጥቃጭ የሚናቅ ሰው ነበር፤ በለንደንም የቀጥቃጭ ልጅ ሊቅ ይሆናል ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም። ድህነት ስለተጫነው ትምህርቱ ከማንበብ፣ ከመጻፍና ከመጠነኛ ሒሳብ አላለፈም። በ14 ዓመቱ ከመጽሐፍ ጠራዡ ጆርጅ ሪቦ ዘንድ ሙያ ሊማር ገባ። በዚያም ሰባት ዓመት ሲቆይ ለጥረዛ የመጡትን መጻሕፍት ያነብ ነበር፤ ስለ ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ያወቀውም ከእነዚሁ ነው።

በ1812 አንድ የሱቁ ደንበኛ በሰጠው መግቢያ ወረቀት የታላቁን ኬሚስት የሃምፍሪ ዴቪን ትምህርቶች ተከታተለ። ማስታወሻውን አሳምሮ ገልብጦ፣ በእጁ ጠርዞ ለዴቪ ላከለት። በዓመቱም በሮያል ኢንስቲትዩሽን ቤተ ሙከራ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ነገር ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ ዴቪ ወደ አውሮፓ ሲጓዝ አሽከሩ አልሄድም በማለቱ፣ ፋራዳይ ረዳትነቱን ከአሽከርነት ጋር ደርቦ እንዲይዝ ተደረገ። የዴቪ ባለቤት ከእኩዮቿ ገበታ አርቃ እንደ ሎሌ ታየው ነበር። በሰው አገር፣ በሰው ቤት የሚያገለግል ወገናችን ይህን ስሜት ያውቀዋል። ፋራዳይ ሁሉን ጥሎ ወደ አገሩ ሊመለስ እስከማሰብ ደርሷል፤ ሆኖም ታግሦ ጉዞውን ፈጸመ፤ በመንገዱም የባትሪን ፈልሳፊ ቮልታን ለማየት በቃ።

በ1820 ዴንማርካዊው ኧርስተድ ኮረንቲ የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያንቀሳቅስ አሳየ። ከዚህ በኋላ ፋራዳይን ያስጨነቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ኤሌክትሪክ መግነጢስን ከወለደ፣ መግነጢስስ በተራው ኤሌክትሪክን አይወልድምን?

መልሱ የተገኘው ኦገስት 29 ቀን 1831 ነው። ፋራዳይ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ባለው የብረት ቀለበት በሁለት ወገን ሽቦ ጠመጠመ። አንዱን ጥቅል ከባትሪ፣ ሌላውን በመርፌ አጠገብ ከሚያልፍ ሽቦ ጋር አገናኘ። ባትሪው ሲገናኝ መርፌው ተወዛውዞ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ሲለያይ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ተወዛወዘ። ኮረንቲው ሳይለወጥ ሲፈስስ ግን መርፌው ዝም አለ። ስለዚህ ኤሌክትሪክን የሚወልደው የመግነጢስ መኖር ሳይሆን የመግነጢስ መለወጥ መሆኑ ታወቀ። በሁለት ወር ውስጥም ማግኔትን በሽቦ ጥቅል ውስጥ በማስገባትና በማውጣት፣ ቀጥሎም የመዳብ ዝርግ በማግኔት መካከል በማሽከርከር ኮረንቲ አመነጨ፤ ይህም የጄኔሬተር መጀመሪያ ሆነ።

በተመሳሳይ ጊዜ አሜሪካዊው ጆሴፍ ሄንሪ ለብቻው ወደዚሁ እውነት ደርሶ ነበር። አንድ ጥቅል ሽቦ በራሱ ላይ የሚያልፈውን ኮረንቲ ለውጥ እንደሚቃወምም አስተዋለ። ዛሬ በስሙ የሚለካው ኢንዳክተር ሥራው ይኸው ነው፤ ኮረንቲ በድንገት እንዳይጨምር ወይም እንዳይቋረጥ ይገታል።

በ1885 የሀንጋሪ መሐንዲሶች ቀለበቱን ለከተማ መብራት የሚያገለግል ትራንስፎርመር አደረጉት። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የመጀመሪያው ጥቅል 1000 ዙር፣ ሁለተኛው 50 ዙር ቢሆን ቮልቴጁ ወደ አንድ ሃያኛ ዝቅ ይላል፤ በግልባጩ ከፍ ይላል። ቮልቴጅ ከፍ ሲል ለተመሳሳይ ኃይል የሚያስፈልገው ኮረንቲ ስለሚያንስ፣ በመንገድ ላይ በሙቀት የሚባክነውም ይቀንሳል። ከሕዳሴ ግድብ ወደ ሆለታ ኃይል በ500 ሺህ ቮልት የሚጓዘው ስለዚህ ነው። ኩዌትም በ1934 መብራት የጀመረችው በማይለዋወጥ ቀጥተኛ ጅረት ነበር፤ ትራንስፎርመር የሚሠራው በለውጥ ነውና በኋላ ወደ ተለዋዋጭ ጅረት ዞረች። የምንሰማው እምምታም ብረቱ በሴኮንድ 50 ጊዜ በሚመላለሰው ጅረት ሲንቀጠቀጥ የሚያሰማው ነው።

ፋራዳይ የሮያል ሶሳይቲን ፕሬዚዳንትነት ሁለት ጊዜ ሲሰጡት አልቀበልም አለ። አንድ ጊዜ ከገበታ የራቀው ሰው ለሕፃናት የገና ሰሞን የሳይንስ ትምህርት እየሰጠ፣ ለሕዝብም በር ከፍቶ ኖረ። ኦገስት 25 ቀን 1867 አረፈ፤ የተቀበረውም እንደ ፍላጎቱ ያለ ታላቅ ሥርዓት በሃይጌት መካነ መቃብር ነው። የቀጥቃጩ ልጅ የጠመጠመው ብረት ግን ዛሬም በማንጋፍም ሆነ በአዲስ አበባ፣ የጌታውንም የአገልጋዩንም ክፍል ሳይለይ ያበራል።