አዶልፍ ማየር
አዶልፍ ማየር (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 1866 – ማርች 17 ቀን 1950) በስዊዘርላንድ ተወልደው በአሜሪካ የሠሩ የአእምሮ ሐኪም ነበሩ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና ውስጥ የእርሳቸውን ያህል ተሰሚነት የነበረው ሰው ማግኘት ያስቸግራል። አዋቂዎች በኑሯቸው ከሚገጥማቸው ለውጥ የሚመጣውን ውጥረት ለመለካት የሚያገለግሉ መጠይቆች የሚነሡት ማየር ለሕሙማን ካዘጋጁት «የሕይወት ሰንጠረዥ» ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነትና ትምህርት

ማየር የተወለዱት በዙሪክ አካባቢ በምትገኘው በኒደርቬኒንገን መንደር ሲሆን አባታቸው የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ። በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጠኑ፤ ከመምህሮቻቸው አንዱ ኦገስት ፎሬል ነበሩ። በፓሪስ፣ በለንደንና በኤድንብራም ተምረዋል። በ1892 ዶክትሬታቸውን አግኝተው በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ልጃቸው ከሄደ በኋላ እናታቸው በከባድ ድባቴ ታመሙ፤ በመጨረሻ ግን ዳኑ። የልጅ ስደት፣ የእናት ሕመም፣ ከዚያም ፈውስ፦ ማየር በኋላ ከሕሙማን ታሪክ ውስጥ የሚፈልጉት ዓይነት ቅደም ተከተል በገዛ ቤታቸው ደርሶ ነበር።

በአሜሪካ

ከ1893 ጀምሮ በኢሊኖይ ግዛት በካንካኪ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል በፓቶሎጂ ባለሙያነት ተቀጠሩ። ሥራቸው የሞቱትን ሕሙማን አንጎል መመርመር ነበር። ሆኖም ሰውየው በሕይወት ሳለ ምን እንደ ደረሰበት የተጻፈ በቂ መዝገብ ስላልነበረ፣ በአንጎሉ ላይ የሚያዩትን ከምን ጋር እንደሚያያይዙት ቸገራቸው። ስለዚህ ከሬሳው ይልቅ በሕይወት ካለው ሰው ታሪክ መጀመር እንዳለባቸው ተረዱ። በ1895 ወደ ማሳቹሴትስ፣ ወደ ዉስተር ሆስፒታል ተዛውረው ወጣት ሐኪሞችን የሕሙማንን ታሪክ በጥንቃቄ መመዝገብ አስተማሩ። በ1902 የኒው ዮርክ ግዛት ሆስፒታሎች የፓቶሎጂ ተቋም ኃላፊ ሆኑ። በዚያው ዓመት ያገቧቸው ሜሪ ብሩክስ የሕሙማኑን ቤተሰቦች በየቤታቸው እየሄዱ ይጠይቁ ነበር፤ በዚህም ከአእምሮ ሕክምና ማኅበራዊ ሠራተኞች ቀዳሚ ተደርገው ይቆጠራሉ።

ከ1910 እስከ 1941 በባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበሩ። በ1913 የተከፈተውን የፊፕስ የአእምሮ ክሊኒክም መርተዋል።

የሕይወት ሰንጠረዥ

ማየር በ1919 ባሳተሙት ጽሑፍ ያስተዋወቁት ሰንጠረዥ በአንድ ወረቀት የሚያልቅ ነው። ዓመታቱ ከልደት ጀምረው ይደረደራሉ፤ በአንድ በኩል የአካል ሕመሞች፣ በሌላ በኩል የኑሮ ለውጦች ይጻፋሉ። ትምህርት ቤት መግባት፣ በፈተና መውደቅ፣ ሥራና መኖሪያ መቀየር፣ በቤተሰብ ውስጥ ልደትና ሞት ሁሉ ቦታ አላቸው። ለሕመም መንሥኤ የሚሆነው የግድ ታላቅ መዓት አይደለም፤ በማንም ላይ የሚደርስ ተራ ነገርም ሊሆን ይችላል ብለው ያምኑ ነበር። ነጥብ ግን አይሰጡም። የሚጠይቁት ምን፣ መቼ፣ ከምን በኋላ መጣ ብለው ነው።

የትሬንተን ጉዳይ

ይህን ያህል ለመዝገብ የሚጨነቁት ሰው ራሳቸው አንድ መዝገብ ዘግተዋል። በዉስተር አብሯቸው የሠራው ሄንሪ ኮተን በኒው ጀርሲ የትሬንተን ሆስፒታል ኃላፊ ሆኖ፣ የአእምሮ ሕመም ከተደበቀ ኢንፌክሽን ይመጣል በማለት የሕሙማንን ጥርስ ያስነቅል፣ አንጀታቸውን በቀዶ ሕክምና ያስወጣ ነበር። በ1920ዎቹ አጋማሽ የማየር ረዳት ፊሊስ ግሪንኤከር ጉዳዩን መርምራ ብዙ ሕሙማን እንደ ሞቱ፣ ሕክምናውም እንዳልፈየደ አረጋገጠች። ማየር ዘገባው እንዲታተም አላደረጉም፤ የኮተንም ሥራ ቀጠለ። በማየር ሕይወት ከዚህ የከበደ ጥፋት የለም።

ከሰንጠረዥ ወደ መጠይቅ

በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ቶማስ ሆምስና ባልደረቦቹ የማየርን ሰንጠረዥ መነሻ አድርገው ሰዎች ራሳቸው የሚሞሉት ዝርዝር አዘጋጁ። በ1967 ሆምስና ሪቻርድ ራሂ 43 ክስተቶች ያሉትን መለኪያ አሳተሙ። ነጥቦቹን ያወጡት 394 ሰዎችን ጠይቀው ነው፦ ጋብቻ 500 ቢሆን ሌላው ስንት ይሆናል? አማካዩ ለ10 ሲካፈል የትዳር ጓደኛ ሞት 100፣ ፍቺ 73፣ ጋብቻ 50፣ ቀላል ሕግ መጣስ 11 ሆነ። ነጥቦቹ ይደመራሉ፤ ድምሩ ከፍ ባለ መጠን የመታመም ዕድሉ ይጨምራል ተብሎ ይገመታል። መጠይቁ ፈጣንና ርካሽ ስለሆነ በዓለም ተሰራጨ። በማየር ወረቀት ላይ የነበረው የአንዱ ሰው ልዩ ታሪክ ግን በመደመሩ ውስጥ ጠፋ። ለአንዱ እፎይታ የሆነ ፍቺ ለሌላው ጥፋት ቢሆንም ሁለቱም 73 ያገኛሉ። ለንደን ውስጥ ጆርጅ ብራውን ከመጠይቅ ይልቅ ረጅም ቃለ ምልልስ የመረጠው በዚህ የተነሣ ነው።

መጠይቁን ወደ ሌላ አገር ሲወስዱት ችግሩ ይበልጥ ይታያል። ከዝርዝሩ ውስጥ 12 ነጥብ ያለው የገና በዓልና 31 ነጥብ ያለው ከ10,000 ዶላር በላይ የቤት ዕዳ ይገኛሉ። ወደ አማርኛ የሚመልሰው ሰው «ገና» ብሎ ቢጽፍ ቃሉ ትክክል ነው፤ የአሜሪካው ገና የሚያመጣውን የስጦታና የግዢ ወከባ ግን አይለካም። ስለዚህ ቃላቱን መተርጎም ብቻ አይበቃም። የትኛው ክስተት ይውጣ፣ የትኛው ይግባ፣ እያንዳንዱ ምን ያህል ይክበድ የሚለው የአገሩ አዋቂዎች እንደገና ሊጠየቁበት ይገባል። ሆምስና ሚኖሩ ማሱዳ ጃፓናውያንን ሲጠይቁ ቅደም ተከተሉ በአብዛኛው ከአሜሪካው ጋር ቢመሳሰልም፣ እስራት በጃፓናውያን ዘንድ ከፍ ያለ ቦታ አግኝቷል።

ማየር በ83 ዓመታቸው በባልቲሞር አረፉ። የተሰበሰቡት ጽሑፎቻቸው ከ1950 ጀምሮ በአራት ቅጽ ታትመዋል።