ወለተ ጴጥሮስና እኅተ ክርስቶስ፦ በጣና ዳርቻ የጸና እኅትነት

በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ የምትገኘው ቆራጣ ስሟ ሲነሣ የወለተ ጴጥሮስ ገዳምም አብሮ ይነሣል። በየዓመቱ ኅዳር 17 ቀን የዕረፍቷ መታሰቢያ ይከበራል። ወለተ ጴጥሮስ አብዝታ የምትታወቀው አፄ ሱስንዮስን በመገዳደሯ ነው። ይሁን እንጂ የሕይወት ታሪኳን ረጋ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ከንጉሡ ቁጣ ይልቅ የምቾትና የልመና ፈተና እንደ ከበዳት ያስተውላል። ፈተናውንም ብቻዋን አልተሻገረችውም፤ አብራት የነበረች ሴት አለች፤ ስሟም እኅተ ክርስቶስ ይባላል።

ወለተ ጴጥሮስ እ.ኤ.አ. በ1592 ከመኳንንት ወገን ተወለደች (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዘመናት፣ ከዕረፍቷ ቀን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባቷ ባሕር ሰገድ፣ እናቷ ክርስቶስ ዕበያ ይባላሉ። ቤተሰቡ ባለ ርስት ነበር፤ አባቷና ወንድሞቿም በቤተ መንግሥት ሹመት ነበራቸው። እርሷም ገና በለጋ ዕድሜዋ የሱስንዮስ አማካሪ ለነበረው ለመልክዐ ክርስቶስ ተዳረች። በላስታ በንጉሡ ላይ ያመፀው መልክዐ ክርስቶስ ሌላ ሰው ነውና በስም መመሳሰል ሊምታቱ አይገባም። ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞቱባት። ከዚያ በኋላ ልቧ ወደ ምንኩስና አዘነበለ።

ባሏ ለዘመቻ በወጣበት ጊዜ በጣና መነኮሳት እርዳታ ቤቷን ትታ ሄደች። መልክዐ ክርስቶስ ይህን በሰማ ጊዜ ጦሩን ይዞ ተከተላት፤ የተሸሸገችበትንም ከተማ ያጠፋ ጀመር። ጦር የሰፈረበት አገር ምን እንደሚደርስበት ለገበሬ መንገር አያስፈልግም። የተከተተው እህል ያልቃል፤ የእርሻ በሬው ይታረዳል፤ ለከርሞ የተቀመጠው ዘር እንኳ አይተርፍም። የቤተ ክርስቲያን አባቶች ስለ ሕዝቡ ብለው ወደ ባሏ እንድትመለስ ለመኗት፤ እርሷም ተመለሰች። ይህን መመለስ እንደ ሽንፈት የሚቆጥር ካለ ነገሩን በወጉ አልመዘነውም። የእርሷ ፈቃድ በሌሎች ሰዎች ጎተራና በሬ እንዲፈጸም አለመፍቀዷ፣ እንደ እኔ እምነት፣ በኋላ ከንጉሥ ፊት ከቆመችበት ድፍረት አያንስም።

ቤቷ ስትመለስ የጠበቃት እንደ ቀድሞው የእመቤትነት ኑሮ ነበር፤ አገልጋይ፣ ማዕድና ክብር። በዚያው መቅረት ትችል ነበር። ነገር ግን በ1617 የኢትዮጵያ ጳጳስ የነበሩት አቡነ ስምዖን ከንጉሡ ጋር በተደረገ ጦርነት ተገደሉ። ባሏ በዚህ ግድያ እጁ እንዳለበት ባወቀች ጊዜ ከእርሱ ጋር የነበራት ኑሮ አበቃ። በዚያው ዓመት፣ በ25 ዓመቷ ገደማ፣ መነኰሰች።

ከእኅተ ክርስቶስ ጋር የተገናኙት በምንኩስናዋ መጀመሪያ ነው። እኅተ ክርስቶስም የመኳንንት ልጅ ነበረች፤ ባሏንና ሴት ልጇን ትታ የመነኰሰች። ሁለቱን ያስተዋወቃቸው የንስሐ አባታቸው አባ ፈትለ ሥላሴ ናቸው። ገድሉ እንደሚተርከው ገና በሩቅ እንደ ተያዩ አንዷ በሌላዋ ልብ ገባች፤ ከጥንት ጀምሮ እንደሚተዋወቁ ሰዎችም ሆኑ። ከዚያ ቀን ወዲህ የአንዷ ነገር ያለ ሌላዋ አይነገርም። ወለተ ጴጥሮስ የሞቱባት፣ እኅተ ክርስቶስ ደግሞ ትታት የመጣች ልጅ እንዳሏቸው ስናስብ፣ ይህ እኅትነት ከምን ኀዘን ላይ እንደ በቀለ መገመት አያዳግትም።

ኑሯቸው ተለወጠ። ሲያገለግሏት ያደገችው እመቤት የገረድን ሥራ በገዛ እጇ ትሠራ ጀመር፤ ውኃ ቀዳች፣ እንጨት ለቀመች፣ እህል ፈጨች። ወፍጮ በየመንደሩ ሳይገባ በድንጋይ የፈጩ እናቶች ይህ ሥራ ምን ያህል ክንድና ወገብ እንደሚጠይቅ ያውቃሉ።

በዚህ መካከል የአገሪቱ ነገር ተባባሰ። ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ስብከት አስቀድሞ በምስጢር፣ በ1622 ደግሞ በግልጽ የካቶሊክን እምነት ተቀበለ፤ ሕዝቡም እንዲከተለው አዘዘ። በ1625 ፓትርያርክ ሆኖ የመጣው ፖርቱጋላዊው አፎንሶ ሜንዴስ ትእዛዙን ይበልጥ አጠበቀው። ወለተ ጴጥሮስ ግን ሕዝቡ የአባቶቹን ሃይማኖት እንዳይተው ማስተማሯን አላቆመችም፤ ስለዚህም ከአንድ ጊዜ በላይ ወደ ንጉሡ አደባባይ ተጠርታ ቆመች።

እዚህ ላይ ባሏ እንደገና ይመጣል። ንጉሡ ሊገድላት ባሰበ ጊዜ፣ ከመግደል ይልቅ ለሜንዴስ ተሰጥታ ትማር ብሎ ያስጣላት ያው መልክዐ ክርስቶስ ነው። ከተማ ያጠፋባት ሰው ሕይወቷን አተረፈ። ሜንዴስም ወራት ወስዶ በትምህርትና በማባበል ሊያሳምናት ሞከረ። ሰይፍ አንድ ጊዜ መጥቶ ያልፋል፤ ዕለት በዕለት በለሰለሰ አንደበት የሚቀርብ ልመና ግን ሌላ ነገር ነው። አንዲት ቃል ብትሰጥ ወደ ቤቷ፣ ወደ ዘመዶቿና ወደ ክብሯ ትመለስ ነበር። ቃሉን አልሰጠችም።

ንጉሡ በመጨረሻ ወደ ዠበይ አጋዛት። ዠበይ በምዕራብ፣ ወደ ሱዳን ድንበር የሚጠጋ ሞቃት ቆላ ነው፤ ለደገኛ ሰው ሙቀቱ ብቻውን ቅጣት ነበር። እዚያም ጠባቂዋ ሊያስታት እንደ ሞከረና እንዳልተሳካለት ገድሉ ይተርካል። ሦስት ዓመት ቆየች። ነገር ግን ንጉሡ ያላሰበው ነገር ሆነ፤ ሰዎች እርሷን ፍለጋ ወደ ቆላው ይወርዱ ጀመር። በሕይወት ዘመኗ ከመሠረተቻቸው ሰባት ማኅበራት የመጀመሪያው የተተከለው በዚሁ በግዞት ስፍራዋ ነው።

በ1632 ሱስንዮስ ትእዛዙን አንሥቶ ሕዝቡ ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ፈቀደ፤ ልጁ ፋሲለደስም ነገሠ። ከዚያ በኋላ ያሉት አሥር ዓመታት የሥራ ዓመታት ነበሩ። ማኅበሩ በጣና ዙሪያ ከስፍራ ወደ ስፍራ ይዘዋወር ነበር፤ ዘጌና አፈር ፈረስ ከነበሩባቸው ቦታዎች መካከል ናቸው። በሐይቁ ላይ ሲጓዙ ማዕበል ያጋጥማቸው እንደ ነበርም ገድሉ ይናገራል፤ ጣና ከሰዓት በኋላ በነፋስ ሲናወጥ ያየ ታንኳ ቀዛፊ ይህን ለማመን አይቸገርም። በማኅበሩ ሴቶችም ወንዶችም ነበሩ፤ ንብረቱ የጋራ ነበር፤ ይህ የእኔ ነው የሚል አልነበረም። የበላይዋ ወለተ ጴጥሮስ፣ ከእርሷ ጎን ሆና ማኅበሩን የምትመራው ደግሞ እኅተ ክርስቶስ ነበረች። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ማኅበር ያለ ወንድ አለቃ በሁለት ሴቶች መመራቱ ዛሬም ቆም ብለን ልናስበው የሚገባ ነገር ነው።

ወለተ ጴጥሮስ ሦስት ወር ታማ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. በ50 ዓመቷ ዐረፈች። የተቀበረችውም ከጣና ደሴቶች አንዷ በሆነችው በረማ ነው። እኅተ ክርስቶስ ግን ለኀዘን የምትቀመጥበት ጊዜ አልነበራትም፤ የሚበላው፣ የሚለብሰውና የሚታዘዘው ማኅበር በእጇ ቀርቷል። እመ ምኔትነቱን ተረክባ እስከ ዕረፍቷ እስከ 1649 ድረስ መራችው። መሥራች ስትሞት መበተን የብዙ ማኅበራት ዕጣ ነው፤ ይህኛው ያልተበተነው በአመዛኙ በእነዚያ ሰባት ዓመታት ጽናት ይመስለኛል።

በ1650 ዐፄ ፋሲለደስ በቆራጣ ለወለተ ጴጥሮስ መታሰቢያ የሚሆን የገዳም መሬት ሰጠ። ገዳሙም ከንጉሥ ቅጣት የሚሸሽ ሰው የሚጠጋበት የመማፀኛ ስፍራ ሆነ፤ በንጉሥ ፊት የተከሰሰችው ሴት ስም የተከሳሾች መጠጊያ ሆነ ማለት ነው።

ዕረፍቷ 30 ዓመት በሞላበት በ1672 ገላውዴዎስ የተባለ መነኵሴ ከማኅበሩ ሰዎች የሰማውን ሰብስቦ ገድሏን በግእዝ ጻፈ። ጣሊያናዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ በ1912 የግእዙን ጽሑፍ አሳተመ፤ በ2015 ደግሞ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ይነበባል። በገድሉ ውስጥ የባሏ ስም ከምንኩስናዋ በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል፤ የእኅተ ክርስቶስ ስም ግን ከተገናኙባት ቀን ጀምሮ እስከ ወለተ ጴጥሮስ ዕረፍት ድረስ አይጠፋም።