አንቶን ካራስ፦ ከወይን ጠጅ ቤት እስከ ፊልም ሙዚቃ ደራሲነት

አንድ የባህል ሙዚቃ መሣሪያ ይዞ በወይን ጠጅ ቤቶች በመጫወት ይተዳደር የነበረ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ስሙ ከአውሮፓ እስከ አሜሪካ የሚታወቅ የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ለመሆን በቅቷል። ይህ ሰው ኦስትሪያዊው አንቶን ካራስ ነው።

ካራስ እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 1906 በቪየና ከተማ ከፋብሪካ ሠራተኛ ቤተሰብ ተወለደ። ለሙዚቃ የነበረው ፍቅር ከፍተኛ ቢሆንም የቤተሰቡ አቅም ውስን ነበር። በ12 ዓመቱ በአያቱ ቤት ጣሪያ ሥር ያገኘው አሮጌ ዚተር ግን የሕይወቱን አቅጣጫ ወሰነ። በወጣትነቱ የመሣሪያ ሠሪነት ሙያ ተምሮ በመኪና ፋብሪካ ተቀጥሮ የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1925 ሥራውን ሲያጣ ዚተሩን የእንጀራው ምንጭ አደረገ።

ዚተር በኦስትሪያና በደቡብ ጀርመን የሚዘወተር፣ በጠረጴዛ ላይ ጋደም ተደርጎ በጣቶች የሚደረደር ባለ ብዙ አውታር መሣሪያ ነው። ተጫዋቹ በቀኝ አውራ ጣቱ ባጠለቀው ቀለበት ዜማውን ሲመታ በቀሩት ጣቶቹ ያጅባል፤ በግራ እጁ ደግሞ የዜማውን አውታሮች እየተጫነ ድምፁን ይለዋውጣል። በዚህም ምክንያት አንድ ሰው ብቻውን ዜማውንም አጃቢውንም ለመሸፈን ይችላል። ካራስ በቪየና ዳርቻ በሚገኙ የወይን ጠጅ ቤቶች ለረጅም ሰዓታት እየተጫወተ፣ እንግዶች በሚሰጡት ጉርሻ ቤተሰቡን ያስተዳድር ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በሩሲያ ግንባር በፀረ አውሮፕላን ክፍል አገልግሎ ጦርነቱ ሲያበቃ ወደዚያው ኑሮው ተመለሰ።

እ.ኤ.አ. በ1948 እንግሊዛዊው የፊልም ዳይሬክተር ካሮል ሪድ «ሦስተኛው ሰው» የተሰኘውን ፊልም ለመቅረጽ ወደ ቪየና አመራ። ከተማይቱ በወቅቱ በአሜሪካ፣ በብሪታኒያ፣ በፈረንሳይና በሶቪየት ኅብረት ጦር ቁጥጥር ሥር ተከፋፍላ፣ በቦምብ የፈራረሱ ሕንፃዎቿ ገና አልተጠገኑም ነበር። በደራሲ ግሬሃም ግሪን የተጻፈው የፊልሙ ታሪክም በዚያችው ከተማ የተበረዘ ፔኒሲሊን በጥቁር ገበያ እየሸጠ ሕሙማንን ለሞትና ለአካል ጉዳት ስለዳረገ ሃሪ ላይም ስለተባለ ወንጀለኛ የሚያወሳ ነው።

በዘመኑ ልማድ ለእንዲህ ዓይነቱ ፊልም ሙዚቃ የሚያዘጋጀው በሙያው የታወቀ ደራሲ፣ የሚጫወተውም በርካታ አባላት ያሉት ኦርኬስትራ ነበር። ከቪየና ደግሞ የሚጠበቀው የዋልስ ሙዚቃ ነው። ሪድ ግን ካራስ ሲጫወት በሰማ ጊዜ፣ ደስታና ትካዜ የተቀላቀለበት ያ ድምፅ ለቆሰለችው ከተማ እንደሚስማማ ተረዳ። ስሙ ከወይን ጠጅ ቤት ደንበኞች ውጭ ለማይታወቅ ሰው የአንድ ትልቅ ፊልም ሙዚቃ በሙሉ አደራ መስጠት ግን ቀላል ውሳኔ አልነበረም።

ካራስ ወደ ለንደን ተጉዞ በሪድ መኖሪያ ቤት ተቀመጠ። ፊልሙን ደጋግሞ እየተመለከተ ለየትዕይንቱ የሚስማማውን ዜማ ሲፈልግ ሳምንታት አሳለፈ። የአገሩና የቤተሰቡ ናፍቆት ቢያስቸግረውም ሥራውን ከዳር አደረሰ። የሃሪ ላይም መለያ የሆነው ዜማ ጣትን እጅግ የሚያደክም በመሆኑ በወይን ጠጅ ቤት ለዓመታት ሳይጫወተው የቆየ እንደነበር ይነገራል።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1949 ለዕይታ ሲበቃ በካን የፊልም ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት ተቀዳጀ። በመክፈቻው ላይ ተመልካቹ የሚያየው የሚርገበገቡ የዚተር አውታሮችን እንጂ የተዋንያንን ፊት አይደለም። ዜማው የተቀረጸበት ሸክላ በብሪታኒያ በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ቅጂ የተሸጠ ሲሆን፣ በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በ1950 ለ11 ሳምንታት በሽያጭ የአንደኝነቱን ደረጃ ይዞ ቆይቷል። ካራስም በብሪታኒያ ንጉሣዊ ቤተሰብ ፊት ሳይቀር ለመጫወት በቅቷል።

ይሁን እንጂ ዝናው ለካራስ ሸክምም ነበር። ከዚህ ሥራው ጋር የሚስተካከል ሌላ የፊልም ሙዚቃ አልደረሰም፤ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውም ያንኑ አንድ ዜማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 በቪየና ሲቨሪንግ በተባለው አካባቢ በፊልሙ ስም የራሱን የወይን ጠጅ ቤት ከፈተ። ቤቱ የታዋቂ ሰዎች መናኸሪያ ቢሆንም፣ እርሱ የሚመርጠው ከአካባቢው ነዋሪ ጋር መቀመጥን ነበርና እ.ኤ.አ. በ1966 ዘግቶት ከመድረክ ራቀ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 10 ቀን 1985 በተወለደ በ78 ዓመቱ እዚያው በትውልድ ከተማው አረፈ።

የብሪታኒያ ፊልም ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1999 ባካሄደው ምርጫ «ሦስተኛው ሰው» ከ20ኛው ክፍለ ዘመን የብሪታኒያ ፊልሞች ሁሉ የአንደኝነቱን ሥፍራ አግኝቷል። ለዚህ ክብር ከበቁት ሰዎች መካከል አንዱ፣ ከጠጅ ቤት ይዞት የመጣውን መሣሪያ ሳይለውጥ በፊልም ሙዚቃ ታሪክ ስሙን ያስመዘገበው ካራስ ነው።