ፍሬድሪክ ባንቲንግ፦ ኢንሱሊንን ከብልሽት ያዳኑት ሐኪም

በዚህ እትም የምናስታውሳቸው ፍሬድሪክ ባንቲንግ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 1891 ካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ አሊስተን አጠገብ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። ሕክምና ተምረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመቱ፤ በ1918 ቆስለው የጀግንነት ሜዳይ ተሸለሙ። ሲመለሱ የግል ክሊኒክ ከፈቱ፤ ታካሚ ግን እምብዛም አልመጣላቸውም። ኑሯቸውን ለመደጎም ማስተማር ጀመሩ። በ1920 አንድ ምሽት ለትምህርት ሲዘጋጁ ስለ ቆሽት የተጻፈ ጽሑፍ አነበቡና እንቅልፍ አጡ።

በዚያ ዘመን ስኳር የያዘው ልጅ በጥቂት ምግብ ዕድሜውን ከማራዘም በቀር ተስፋ አልነበረውም። ስኳርን የሚያወርደው ነገር ከቆሽት እንደሚገኝ ይታሰብ ነበር፤ ሊያወጡት ሲሞክሩ ግን ይበላሽባቸው ነበር። ባንቲንግ የጠረጠሩት ምግብ የሚፈጨውን የቆሽት ፈሳሽ ነው። ኢንሱሊን ፔፕታይድ ስለሆነ ይህ ፈሳሽ እንደ ሥጋ ይፈጨዋል።

በ1921 ፕሮፌሰር ማክላውድ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራና ቻርልስ ቤስት የሚባል የ22 ዓመት ወጣት ረዳት ሰጧቸው። ሁለቱ የውሻ ቆሽት ቱቦ አስረው ፈሳሹን የሚያመነጨው ክፍል እስኪሟሽሽ ጠበቁ፤ የቀረውን በበረዶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ ውስጥ ፈጭተው አጠለሉት። ቆሽቱ የወጣለትን ውሻ ሲወጉት ስኳሩ ወረደ። በኋላም የከብት ቆሽት በአልኮል ማዘጋጀት ቻሉ።

ጃንዋሪ 11 ቀን 1922 የ14 ዓመቱ ሊዮናርድ ቶምፕሰን ተወጋ። መድኃኒቱ ስላልጠራ ብዙም አልረዳውም፤ የተወጋበት ቦታም መግል ቋጠረ። ጀምስ ኮሊፕ አጣርተው ያዘጋጁትን ጃንዋሪ 23 ሲወስድ ግን ነፍስ ዘራ፤ ከዚያም 13 ዓመት ኖረ።

ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕ የፈጠራ መብታቸውን ለዩኒቨርሲቲው በ1 በ1 ዶላር ሰጡ። ባንቲንግ በ1923 ከማክላውድ ጋር ኖቤል ሲሸለሙ የድርሻቸውን ገንዘብ ከቤስት ጋር ተካፈሉ። በ1941 በአውሮፕላን አደጋ በ49 ዓመታቸው አረፉ።

የስኳር በሽታ እዚህ እስራኤል የእኛንም ማኅበረሰብ ክፉኛ ስላጠቃ የባንቲንግ ጥንቃቄ ዛሬ የእኛ ሥራ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል። በረዶ ከሠራ፣ ቢቀልጥም ኃይሉ አይታመንምና ይጣላል። በበጋ የቆመ መኪና ውስጥ አይተውም። የተከፈተው አብዛኛውን ጊዜ ከፍሪጅ ውጭ 4 ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ትክክለኛው ቀን በየመድኃኒቱ ወረቀት ላይ ተጽፏል። ያንን የዕብራይስጥ ወረቀት ለአያቶቻችን አንብበን የምናስረዳቸው እኛ ነን።