አበበ ቢቂላ፣ መሮጥ ካቆመ በኋላ

አበበ ቢቂላን የማያውቅ ሐበሻ የለም። አምስተርዳም ተወልዶ አማርኛው እየተኮላተፈ ያደገ ልጅ እንኳ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው ማን እንደሆነ ቢጠየቅ ይመልሳል። ታሪኩ ግን ብዙ ጊዜ ቶኪዮ ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ መኪናው ተገለበጠ፣ ሞተ ይባልና በመካከል ያለው አራት ዓመት ተኩል ይዘለላል። የነርስነት ተማሪ ስለሆንኩ ይሆናል፣ እኔን የሚስበኝ ይኸው የተዘለለው ክፍል ነው። በዓለም ላይ ከሁሉ የበለጠ በእግሩ የታወቀ ሰው እግሩ አልታዘዝ ሲለው ስፖርት ምን ይሠራለታል? (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አበበ የተወለደው ኦገስት 7 ቀን 1932 ሰሜን ሸዋ ውስጥ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። በዚያው ቀን ሎስ አንጀለስ ላይ የኦሎምፒክ ማራቶን ይሮጥ ነበር፤ ግጥምጥሞሹ ደስ ይላል። ልጅነቱን ከብት እየጠበቀና ገና እየተጫወተ አሳለፈ። ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው አዲስ አበባ መጥቶ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆነ።

ሩጫን የጀመረው ዘግይቶ ነው። በሃያዎቹ ዕድሜው አጋማሽ ላይ ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ አዲስ አበባ ሃያ ኪሎ ሜትር በየቀኑ ደርሶ መልስ ይሮጥ እንደነበር ይነገራል። ወታደሩን ያሠለጥን የነበረው፣ ፊንላንድ ተወልዶ ስዊድናዊ የሆነው ኦኒ ኒስካነን ያን ጊዜ አየው። በ1956 በጦር ኃይሎች ውድድር ያሸነፈው ዋሚ ቢራቱ ነበር፤ አበበ ሁለተኛ ወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን አዲስ አበባ ላይ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ሮጠ። በዚያን ጊዜ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን የነበረው የዛቶፔክ ሰዓት ከዚህ የዘገየ ነበር። ከአገር ውጭ ማንም አላስተዋለውም።

ሮምን ሁላችንም ስለምናውቃት አላረዝማትም። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960፣ አመሻሽ ላይ የተጀመረ ሩጫ፣ በችቦ የበራ መንገድ፣ ባዶ እግር። የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም እስከ መጨረሻው አልለቀቀውም ነበር። አበበ ጥሎት የሄደው ሙሶሊኒ ዘርፎ የወሰደው የአክሱም ሐውልት ከቆመበት አካባቢ ጀምሮ ነው። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ፤ ልዩነቱ 25 ሰከንድ ነበር።

በዚያው ወር በዚያችው ከተማ የሆነ ሌላ ነገር ግን ብዙም አይነሳም። አበበ ካሸነፈ ከስምንት ቀን በኋላ ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል የአካል ጉዳተኛ ስፖርተኞች በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው ሮም ላይ ውድድር ከፈቱ። ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የምንለው ያ ነው። ሁለተኛው በ1964 ቶኪዮ ላይ ተካሄደ። አበበ ወርቅ ያገኘባቸው ሁለቱ ከተሞች የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፓራሊምፒኮች ከተሞችም ናቸው። በዚያን ጊዜ ይህ እሱን ይመለከተዋል ብሎ ያሰበ ሰው ይኖራል ብዬ አልገምትም።

ቶኪዮ ላይ ከመሮጡ አምስት ሳምንት ገደማ አስቀድሞ ትርፍ አንጀቱ ታሞ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር። በዚያ ዘመን ሆድ ሰፋ ብሎ ነበር የሚከፈተው፤ የዛሬው የትንንሽ ቀዳዳ ቀዶ ሕክምና አልነበረም። (እባካችሁ ይህን ማንም ምሳሌ አያድርገው፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላ መቼ እንደሚሮጥ የሚወስነው ሐኪም ነው።) በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ፣ ሁለተኛውን እንግሊዛዊ በአራት ደቂቃ ገደማ ቀድሞ ገባ። ማራቶንን በኦሎምፒክ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከዚያም ሌሎቹ እስኪመጡ ሜዳው ሣር ላይ ሆኖ እጅና እግሩን ያፍታታ ጀመር። ፊልሙን ያያችሁ ታስታውሱታላችሁ። ሕዝቡ ሊያስገርመን ነው ብሎ ሳቀ፣ አጨበጨበ። እኔ ሳየው ግን የልማድ ነገር ይመስለኛል፤ ከሩጫ በኋላ ማፍታታት የለመደ ወታደር ሰባ ሺህ ሰው እያየውም ያፍታታል።

በ1968 ሜክሲኮ ላይ እግሩን ታሞ ስለነበር 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ አቋረጠ። ወርቁን ማሞ ወልዴ ወሰደው።

ማርች 22 ቀን 1969 ሌሊት አበበ የሚነዳው ቮልስ ተገለበጠ፤ እስኪነጋ ድረስ መኪናው ውስጥ ተቀረቀረ። የአንገቱ አጥንት ተጎድቶ ስለነበር ከአንገት በታች ሰውነቱ አልታዘዘው አለ። ከሳምንት በኋላ እንግሊዝ አገር ወዳለው ስቶክ ማንድቪል ሆስፒታል ተወሰደ። መጀመሪያ ላይ ራሱን እንኳ ማዞር አይችልም ነበር። ዕድሜው 36 ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሆስፒታሉ ትንሽ ልበል፤ ከእኛም አገር፣ ማለቴ ከኔዘርላንድ ጋር ይያያዛል። እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ሕብለ ሰረሰሩ የተቆረጠ ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ ሞቱን የሚጠብቅ ነበር። የሚገድለው ጉዳቱ ራሱ ሳይሆን መተኛቱ ነው። ቆዳው ይቆስላል፣ ሽንቱ ይመረቅዛል፣ ሳንባው ውስጥ አክታ ይጠራቀማል፣ ደም ይረጋል። ከናዚ ጀርመን የተሰደደው አይሁዳዊ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን በ1944 ስቶክ ማንድቪል ላይ ክፍሉን ሲከፍት ሁለት ነገር አዘዘ፦ በሽተኛው ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጥ፤ ከዚያም ስፖርት ይሥራ። መገላበጡ የነርሶች ሥራ ነው፣ ዛሬም የምንማረው ይህንኑ ነው። ስፖርቱ ግን በዚያ ዘመን እብደት ይመስል ነበር። ጉትማን ቀስት ውርወራን ይወድ ነበር፤ ትከሻንና ክንድን ያጠነክራል፣ የተቀመጠ ሰው ሚዛኑን እንዲጠብቅ ያስተምራል።

በ1948 የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ዕለት 16 በሽተኞችን በሆስፒታሉ ግቢ በቀስት አወዳደረ። በ1952 ውድድሩን ዓለም አቀፍ ያደረጉት ደግሞ ሆላንዶች ናቸው፤ ኡትሬክት አጠገብ ካለችው ዶርን፣ ከወታደሮች ማገገሚያ ማእከል የመጡ የቀድሞ ወታደሮች ነበሩ። ሮም የተደረሰው በዚያ መንገድ ነው። በ1980ም ፓራሊምፒኩ እዚሁ አርንሄም ላይ ተካሂዷል።

አበበ ስቶክ ማንድቪል ስምንት ወር ቆየ። ንግሥት ኤልሳቤጥ ሳትቀር ጠየቀችው። ቀስ በቀስ እጆቹ ተመለሱ፤ እግሮቹ ግን አልተመለሱም። በ1970 ቀስት መወርወር ይለማመድ ጀመር፤ በጁላይ ወር በስቶክ ማንድቪል ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሰለፈ። በሚቀጥለው ዓመት ኖርዌይ ውስጥ በተደረገ የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በክብር እንግድነት ተጠርቶ ሄደ። እንግዳ ሆኖ ግን አልተቀመጠም፤ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፣ በበረዶ ላይ ውሻ በሚጎትተው ተንሸራታች ደግሞ 16 ተወዳዳሪዎችን አሸነፈ። የጃቶ ልጅ፣ በበረዶ፣ በውሻ! ከሮሙ ይልቅ ይህኛው ድል ይበልጥ ይደንቀኛል።

የደነቀኝ ድሉ ብቻ አይደለም። ስፖርት ለአበበ ሜዳሊያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከሜክሲኮ በኋላ ሊተወው ይችል ነበር፤ ማንም አይወቅሰውም። እግሩ ሲቀር በክንዱ ቀጠለ። በሕክምናውም በኩል ለእሱ ዓይነት ጉዳት እንቅስቃሴ ጌጥ አይደለም፤ ትከሻው ካልጠነከረ ከአልጋ ወደ ወንበር ራሱን ማሸጋገር አይችልም፣ ደረቱ ካልሠራ ሳንባው ይታመማል።

ይህን የምጽፈው ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚዎች ብቻ አይደለም። በየኤፕሪሉ ሮተርዳም ማራቶን ላይ ባንዲራ ይዘን ኮልሲንግል ዳር እንቆማለን። በላይነህ ዲንሳሞ በ1988 የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረበት ከተማ ነው፤ 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ፣ ለአሥር ዓመት ያልተነካ። እንጮኻለን፣ እናለቅሳለን፣ ከዚያ ቤት ገብተን እንጀራ በልተን እንቀመጣለን። ሯጮቹ የእኛንም ድርሻ የሮጡልን ይመስለናል።

በተለይ እናቶቻችንና አባቶቻችን ያሳስቡኛል። በእኛ ቤት ታላቅን ማክበር ማለት ከመቀመጫው እንዳይነሳ ማድረግ ነው። ውሃ ሲፈልግ እናቀብለዋለን፣ ቡናው እጁ ድረስ ይመጣለታል። ስኳር አለበት፣ ደም ግፊት አለበት፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ ስለዚህ ይረፍ እንላለን። ከታመመ በኋላማ ተነስ ማለት እንደ ጭካኔ ይቆጠራል። ሆላንዳዊው ፊዚዮቴራፒስት እትዬን በማግስቱ ከአልጋ ሲያስነሳቸው ቤተሰቡ ሲቆጣ የታየው አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ፍቅራችን ልክ ነው፤ ሕክምናው ግን ከጉትማን በፊት የነበረው ዓይነት ነው። ሌላው መልስ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በሥራ ስንቀሳቀስ ውያለሁ የሚለው ነው። ሆቴል ሲያጸዳ የዋለ ሰው እውነቱን ነው፣ ደክሞታል። ነገር ግን ጎንበስ ብሎ አንድ ዓይነት ሥራ መደጋገም ጀርባን ያደክማል እንጂ ልብን የሚያፈጥን የእግር መንገድ አይተካም።

ዘ ሄግ የሚገኘው የኔዘርላንድ የጤና ምክር ቤት በ2017 ያወጣው ምክር ከባድ አይደለም። ትልቅ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ፣ በተለያዩ ቀኖች ተከፋፍሎ፣ ትንፋሽ የሚጨምር እንቅስቃሴ ያድርግ፤ በሳምንት ሁለቴ ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር ነገር ይሥራ፤ አረጋውያን ሚዛን መጠበቅንም ይጨምሩ፤ መቀመጥ ይቀነስ። ፈጠን ያለ የእግር ጉዞም ብስክሌትም ይቆጠራል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እማማን ክንዳቸውን ይዞ ሁለት ፌርማታ በእግር መሄድም ይገባበታል። ለረጅም ጊዜ ያልተንቀሳቀሰና የልብ ሕመም ያለበት ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

አበበ በ1972 ሙኒክ ኦሎምፒክ ላይ በክብር እንግድነት ተገኝቶ ነበር። ማራቶኑን ያሸነፈው አሜሪካዊ ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን እንደተቀበለ ሄዶ ጨበጠው። ማሞ ሦስተኛ ወጥቷል። በሚቀጥለው ዓመት ኦክቶበር 25 ቀን አበበ ከዚያው አደጋ ጋር በተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ አዲስ አበባ ላይ ዐረፈ፤ 41 ዓመቱ ነበር። ስፖርት ረጅም ዕድሜ አልሰጠውም፤ የአንገት ጉዳትን ያን ያህል የሚያሸንፍ ነገር የለም። የቀሩትን ዓመታት ግን ከአልጋ አንስቶ ኖርዌይ ድረስ ወስዶታል።

በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር ጃንሆይ ተገኝተዋል፤ ቀኑ ብሔራዊ የሐዘን ቀን ሆኖ ነበር። ከ48 ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ ትዕግስት ገዛኸኝ በ1500 ሜትር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አመጣች። ከተማው ቶኪዮ ነበር።