ወፍ ሲያይ የኖረው ሰው

ወፍ ማየትም ሥራ ነው እንዴ? ለኒኮላስ ቲንበርገን ሥራም ሕይወትም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1907 በኔዘርላንድስ ሄግ ከተማ ተወለደ። በ1932 ኤልሳቤጥ ሩተንን አገባና አብረው ወደ ምሥራቅ ግሪንላንድ የባሕር ዳርቻ ሄዱ። እዚያም ከኢኑዊት ሰዎች ጋር ከዓመት በላይ ኖሩ።

ገና ብርዱ ሳይለቅ መጀመሪያ የሚደርሱት የበረዶ ድንቢጥ ወንዶቹ ናቸው፤ ለመራቢያ ቦታቸው እየዘመሩ ይጣላሉ፣ ሴቶቹ ኋላ ይመጣሉ። የብርዱን ወራት ባሕር ላይ የምታሳልፈው ፋላሮፕ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ወንድ የምታሳድደው ሴቷ ናት፤ እንቁላል የሚታቀፈው ግን ወንዱ ነው። ቲንበርገን ይህን ሁሉ ብርድ ላይ ቁጭ ብሎ እያየ መዘገበ።

ዓይኑ ወፍ ላይ ብቻ አልነበረም። ጀርመኖች አገሩን ሲይዙ የላይደን ዩኒቨርሲቲ ለአይሁድ መምህራኑ ቆመ፤ እሱም በዚሁ ጦስ ሁለት ዓመት ታሰረ። ከጦርነቱ በኋላ በኦክስፎርድ እያስተማረ የባሕር ወፎችን ማጥናቱን ቀጠለ። በ1973 ከኮንራድ ሎሬንዝና ከካርል ፎን ፍሪሽ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ፤ በ1988 አረፈ።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎችም ትምህርቱ ይሄ ነው፦ የነገሩንን ከመጻፋችን በፊት ሄደን፣ ቁጭ ብለን እንይ።